የተገዛ ምግብ እና የተበላ ምግብ

ይህ ጽሑፍ የተጀመረው ከሒሳብ መዝገብ ነው። ባለፈው ዓመት ማኅበራችን በየወሩ እህልና ዘይት የሚረዳውን አንድ የአረጋውያን መጦሪያ የወጪ ሰነዶች እንድንመረምር እኛ የሒሳብና ቁጥጥር ክፍል አባላት ታዘዝን። ሄደን አየን። ጤፉ በሞዴል 19 ገብቷል፣ በሞዴል 22 ወጥቷል። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ዘይቱ፣ ስኳሩ ሁሉም ደረሰኝ አላቸው። ከመጋዘን ቆጠራው ጋር ስናመሳክር አንድ ኪሎ እንኳ የጎደለ አላገኘንም። ደስ ብሎን ሪፖርታችንን ጻፍን፤ «ጉድለት አልተገኘም» ብለንም ፈረምን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በእሑድ ተራችን አረጋውያኑን ልንጠይቅ ሄድን፤ ምሳ ሰዓት ነበር። አንዲት እናት በአዳራሹ ጥግ ተቀምጠዋል። ሰሃናቸው ፊታቸው ነው፣ እሳቸው ግን ወደ መስኮቱ ያያሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሠራተኛዋ መጥታ ሰሃኑን እንዳለ አነሳችው። «ዛሬም አልፈልግም አሉ» አለችን። ነጠላቸውን ልናስተካክልላቸው ስንጠጋ ትከሻቸው በእጃችን ውስጥ እንደ ጭራሮ ሆነብን። እኛ በፈረምንበት መዝገብ ላይ ግን የእኚህ እናት ምሳ ወጪ ሆኗል። በልተዋል ማለት ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ብዙም አልተነጋገርንም። በኋላ ግን ይህ ነገር የእኛ ብቻ ነው ወይስ ሌሎችም አልፈውበታል ብለን ማንበብ ጀመርን። እህል እያለ፣ ወጥ ቤት እያለ፣ መዝገቡም ትክክል ሆኖ ሰው የሚራብበት ቤት በታሪክ ብዙ ነው። ካነበብነው ጥቂቱን እነሆ።

መጀመሪያ ያገኘነው የእንግሊዝን አገር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1834 በወጣው የድሆች ሕግ መሠረት እርዳታ የፈለገ ሰው «የሥራ ቤት» ወደሚባል ግቢ መግባት ነበረበት። የሕጉ ሐሳብ፣ በግቢው ያለው ኑሮ ውጭ ካለው ከመጨረሻው ድኻ ሠራተኛ ኑሮ የከፋ ይሁን፣ ያን ጊዜ ሰነፍ አይመጣብንም የሚል ነበር። የገቡት ግን ሰነፎች ብቻ አልነበሩም። ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች፣ ሕሙማንና ወላጅ የሌላቸው ልጆችም ነበሩባቸው። ምግቡ በሠንጠረዥ ተወስኖ በሚዛን ይታደላል። አንዶቨር በሚባል ከተማ የነበረው የሥራ ቤት እጅግ አነስተኛ የሆነውን ሠንጠረዥ ይዞ ነበር፤ ከዚያችም ላይ የግቢው ኃላፊ ለራሱ ቤት ይቀንስ እንደነበር በኋላ ተመሰከረበት። የወንዶቹ ሥራ ለማዳበሪያ የሚሆን አጥንት መውቀጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1845 የወጣው ወሬ አገሩን አስደነገጠ፤ ሰዎቹ ከሚወቅጡት የሸተተ አጥንት ላይ መቅኒውንና ጅማቱን እየጋጡ ይበሉ ኖሯል። ፓርላማው በ1846 አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በ1847 የድሆችን ጉዳይ የሚመራው ኮሚሽን ፈርሶ በሌላ ቦርድ ተተካ። ወጪ ቀንሶ ማሳየት ያን ጊዜም የሚያስመሰግን ሥራ ነበር፣ እኛም በሙያችን የምናውቀው ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል በኋላ የሆነ ነው። በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ነርሶቿን ይዛ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1854 ኢስታንቡል ፊት ለፊት ስኩታሪ ወደሚገኘው የጦር ሆስፒታል ደረሰች። ስለ ንጽሕናው ሁላችንም ሰምተናል። የሥጋውን ነገር ግን እኛ አሁን ነው ያነበብነው። ሥጋው ለቁስለኞቹ የሚታደለው ከነአጥንቱ በሚዛን ነበር። ስለዚህ አንዱ ሙሉ ድርሻውን ሥጋ ሲያገኝ፣ ሌላው ሙሉ ድርሻውን አጥንትና ጅማት ያገኛል። በመዝገብ ሁለቱም እኩል ናቸው። ናይቲንጌል አጥንቱ አስቀድሞ ይውጣለት ብትል፣ ለዚህ አዲስ የሠራዊት ደንብ ያስፈልጋል ተባለች። በ1855 አሌክሲስ ሷዬ የተባለ በለንደን ስመ ጥር የነበረ ፈረንሳዊ ወጥ ሠሪ ወደዚያ ሄዶ ወጥ ቤቱን እንደ አዲስ አደራጀው፤ ያው ከመጋዘን የሚወጣው እህልና ሥጋ የሚበላ ምግብ ሆነ።

እሷም በ1859 ስለ ማስታመም ባወጣችው መጽሐፍ ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ስለ ምግብ ጻፈች። አንዱ ምን ይብላ የሚል ሲሆን፣ ሌላው እንዴት ይብላ የሚል ነው። ምግብ በሞላበት ቤት ብዙ ሕሙማን የሚራቡት የሚያበላቸውን መንገድ የሚያስብ ሰው ስለሌለ ነው ትላለች። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ምግብ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የሚውል ያልተነካ ሰሃን፣ በሽተኛው ስንት ጉርሻ እንደጎረሰ የማታውቅ አስታማሚ፣ እነዚህን ሁሉ ታነሣለች። ከ160 ዓመት በኋላ ያነበብነው እኛ በዚያ እሑድ ያየነውን ሰሃን ነው።

ከሁሉ ይበልጥ እንቅልፍ የነሳን ግን የፈረንሳይ ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንጻፈው።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ፈረንሳይ ለጀርመን እጅ ሰጠች። ከዚያው ዓመት መስከረም ጀምሮ ምግብ በራሽን ካርድ ሆነ። ለአዋቂ ሰው የሚታደለው በቀን 1,200 ካሎሪ አካባቢ ነበር፤ ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው ግማሽ ያህል ማለት ነው። ታዲያ ሕዝቡ ሁሉ ለምን አላለቀም? እናቶቻችንን ብንጠይቃቸው መልሱን ያውቁታል። በደርግ ዘመን ከቀበሌ ኅብረት ሱቅ በኩፖን የሚገኘው ስኳርና ዘይት፣ እህሉም ቢሆን፣ ለቤተሰብ አይበቃም ነበር። ገጠር ዘመድ ያለው ከገጠር ያስመጣል፣ ጓሮ ያለው ጎመን ይተክላል፣ ገንዘብ ያለው በጓዳ ይገዛል፣ ምንም የሌለው ከጎረቤት ይበደራል። ፈረንሳዮቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከካርዱ ውጭ ምንም ያልነበራቸው በተዘጋ ግቢ ውስጥ የሚኖሩት ናቸው፤ የአእምሮ ሕሙማኑ፣ በሽማግሌዎች መጦሪያ ያሉት፣ አካል ጉዳተኞቹ። በወረቀት ከሌላው ዜጋ እኩል ራሽን ነበራቸው። ጓሮ፣ ዘመድና የጓዳ ገበያ ግን አልነበራቸውም።

በአራት ዓመት ውስጥ በእነዚህ ተቋማት 45,000 ያህል ሰዎች በምግብ እጦት አለቁ። በሊዮን አጠገብ ባለው በቪናትዬ ሆስፒታል ብቻ የሞቱት 2,000 ያህል ይደርሳሉ። ሰዎቹ በግቢው ያለውን ሣር ነጭተው ይበሉ ነበር። መጀመሪያ ይከሳሉ፣ ቀጥሎ እግራቸው ያብጣል፣ ከዚያ ሳንባ ነቀርሳ ወይም ተቅማጥ ይወስዳቸዋል። በመዝገብ ላይ የሚጻፈውም ያ የመጨረሻው በሽታ ነው። ከሟቾቹ መካከል ቀራጺዋ ካሚይ ክሎዴል ትገኛለች። የሮዳን ተማሪና የሥራ ባልደረባ የነበረች፣ ሥራዎቿ ዛሬ በሙዚየም የሚታዩላት ሴት ናት። በ1913 በቤተሰቧ ፈቃድ ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች፤ ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ኖራበት በጥቅምት 1943 በ78 ዓመቷ አረፈች። ወንድሟ ስመ ጥር ባለቅኔና አምባሳደር ነበር። አጽሟ ከጊዜ በኋላ በጋራ መቃብር ውስጥ ጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። በዚያው ዘመን በጀርመን አገር በባቫርያ፣ በኅዳር 1942 በወጣ ትእዛዝ፣ ሥራ መሥራት ለማይችሉ ሕሙማን ቅባትና ሥጋ የሌለው የተቀቀለ አትክልት ብቻ እንዲሰጥ ተደርጓል፤ እንዲሞቱ ታስቦ ነው። በፈረንሳይ ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልተገኘም። በ1987 ማክስ ላፎን የተባለ ሐኪም ባሳተመው መጽሐፍ ሆን ተብሎ የተደረገ ለስላሳ ጭፍጨፋ ነው የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። በ2007 ደግሞ ኢዛቤል ፎን ቡልትሲንግስሎቨን የተባለች የታሪክ ተመራማሪ ሰነዶቹን መርምራ፣ ያጠፋቸው የግድያ እቅድ ሳይሆን ቸልታ መሆኑን አሳየች። ለእኛ ይህ ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራል። ክፉ ሰው አያስፈልገውም። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ቅጽ በትክክል እየሞላ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ማስረጃው ነገሩ የተስተካከለበት መንገድ ነው። ሐኪሞች ደጋግመው ከጮኹ በኋላ መንግሥት ታኅሣሥ 4 ቀን 1942 ለእነዚህ ሆስፒታሎች ተጨማሪ ራሽን የሚፈቅድ አንድ የመመሪያ ደብዳቤ ጻፈ። በሚቀጥለው ዓመት ሞቱ ቀነሰ። አንድ ደብዳቤ ነው! ጦርነቱ አላለቀም፣ ችግሩም አልተወገደም።

ደብዳቤውን ሳይጠብቁ የተነሡም ነበሩ። በሎዜር ተራሮች መካከል ሳን ታልባን የሚባል ሆስፒታል አለ። ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የሸሸው ፍራንሷ ቶስኬይ የተባለ ሐኪም በ1940 መጀመሪያ ከስደተኞች ካምፕ ወጥቶ ወደዚያ መጣ። ሐኪሞቹና መነኮሳቱ፣ ሕሙማኑም ጭምር፣ የግቢውን በር ከፈቱት። ጉልበት ያለው ሕመምተኛ ለአካባቢው ገበሬ አጭዶ ድንችና ቅቤ ይዞ ይመጣል፤ ሴቶቹ ሹራብ ሠርተው በእህል ይለውጣሉ፤ የሚበላውን እንጉዳይ ከማይበላው የመለየት ትምህርት ተሰጥቶ ወደ ጫካ ይወጣሉ። በሌሎቹ ቤቶች የደረሰው እልቂት በዚያ አልደረሰም። ለሴቶች የራስ አገዝ ማኅበር ይህ እንግዳ ታሪክ አይመስለንም፤ እቁብና እድር የምናውቅ ሰዎች ነን።

በታኅሣሥ 10 ቀን 2016 (በእነሱ አቆጣጠር) ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ኦላንድ በፓሪስ ትሮካዴሮ አደባባይ ለእነዚያ 45,000 ሰዎችና ለሌሎች የጦርነቱ ሲቪል ሰለባዎች የመታሰቢያ ጽሑፍ አስመረቁ። ሰባ ዓመት አልፎ ነበር።

ጦርነት የሌለበት አገርስ? አሜሪካ በምግብ ጠግባ በነበረችበት በ1974 ቻርልስ በተርዎርዝ የተባለ ሐኪም በሆስፒታሎች ውስጥ ስላለው የተሰወረ ረኃብ ጽፎ ባልደረቦቹን አስቆጣ። የሰጣቸው ምክንያቶች እጅግ ተራ ናቸው፦ የሕመምተኛው ክብደት አይመዘገብም፤ ለምርመራ ሲባል ምግብ ይከለከልና ሌላ አይተካለትም፤ ለብዙ ቀን በግሉኮስ ብቻ ይቆያል፤ ምን እንደበላ የሚያይ የለም። በ1987 የአገሪቱ የአረጋውያን መጦሪያዎች ሕግ ሲሻሻል እያንዳንዱ ነዋሪ በየጊዜው እንዲመረመር ታዘዘ። ዛሬ በዚያ አገር አንድ አረጋዊ በአንድ ወር 5 በመቶ፣ በሦስት ወር 7.5 በመቶ ወይም በስድስት ወር 10 በመቶ ክብደት ከቀነሰ እንደ አደጋ ምልክት ይታያል። 50 ኪሎ የነበሩ እናት በወር 2.5 ኪሎ ካጡ ማለት ነው። በብሪታንያም በ2003 ማንም ነርስ በደቂቃዎች ውስጥ የምትሞላው የመለያ ቅጽ ወጣ፤ የክብደትና ቁመት ንጽጽር፣ የቅርብ ጊዜ ክሳት፣ ጽኑ ሕመም፣ ሦስት ነጥብ ብቻ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የሕፃናቱን ነገር ለምደነዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ባለ ሦስት ቀለሙን መለኪያ ክንዱ ላይ ታስራለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ወዲያው ይላካል። የአያቱን ክንድ ግን ማንም አይለካም። «እርጅና ነው» ይባላል። ባታቸውን በዙሪያው ሲለኩት ከ31 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑ አረጋውያን ሥጋቸው እያለቀ መሆኑን የሚያሳይ ቀላል ዘዴ አለ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ጡረታ ወጥታ አባላችን የሆነች አንዲት ነርስ ናት ያሳየችን።

ሌላውንም እሷ አስተማረችን። አረጋዊ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ቢያንስ 1 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ከወጣቱ አያንስም። ሆዱ ግን ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ትልቅ ሰሃን ከማቅረብ ይልቅ ትንሽ ትንሽ፣ ደጋግሞ። አጥሚቱ ውስጥ ወተት፣ ገንፎው ላይ ቅቤ፣ እንቁላል ከተገኘ እንቁላል። በጾም ወራት ለውዝ፣ ሱፍ፣ ተልባና ምስር አለ፤ ለደከመው ደግሞ የንስሐ አባቱን ማማከር ነው። ጥርስ የሌለው ሰው የደረቀ እንጀራ ጫፍ አይችልም፣ በመረቅ የራሰ ፍትፍት ይሁን። ሲበሉ ቀና ብለው ይቀመጡ፤ የሚያስላቸው ካለ ሐኪም ይይ። ውኃ ስለማይጠማቸው እኛ እናስታውሳቸው። ለብዙ ቀን ምንም ሳይቀምስ የቆየን ሰው ግን በአንድ ጊዜ አያጠግቡትም፤ በሐኪም ክትትል ቀስ ተብሎ ነው፣ አለዚያ ምግቡ ራሱ ይገድላል።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ እኚያ እናት ተመለስን። ለብቻቸው ስናዋያቸው ነው ነገሩ የወጣው። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን አልታዘዝ ብሏቸዋል። «ታዲያ በግራ እጄ ሰው ፊት ልብላ ልጆቼ? ምን ይሉኛል?» አሉን። ምግቡን ጠልተውት አልነበረም። በየቀኑ ለሚያነሣው ሰሃን «አልፈልግም» የሚል መልስ መስጠት ከዚያ ነውር ይሻላቸው ነበር። ሠራተኛዋን አንወቅስም። ብቻዋን ለአንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው የምታቀርበው፤ ሁሉንም ትጠይቅ ብንል ምሳው ለእራት ይደርሳል።

በማግሥቱ ከእኛ አንዷ አጠገባቸው ተቀምጣ አጎረሰቻቸው። መጀመሪያ እንቢ አሉ። «እማማ፣ አንድ ያጣላል» አለቻቸው፤ ሁለተኛውን ጎረሱ፤ ሦስተኛውን ራሳቸው ጠበቁ።

ከዚያ በኋላ ማኅበራችን ሚዛን ገዛ። ጥቅምት ላይ እኚህ እናት 37 ኪሎ ነበሩ፣ ጥር ላይ 39.5 ሆነዋል። ሁሉም ግን እንዲህ አልሆነም። አንድ አባት እየበሉ ሲከሱ ሚዛኑ ስላሳየ ሐኪም ቤት ተወስደው የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባቸው፤ መድኃኒት ጀምረዋል። ሌላ እናት ደግሞ የቻልነውን ሁሉ አድርገን አልዳኑልንም፤ ዘግይተን ደርሰናል። የእሳቸውም ምሳ በዚያ «ጉድለት አልተገኘም» ባልንበት ሪፖርት ውስጥ አለ።

ለጋሾቻችን ይቅር ይበሉንና፣ አሁን የምንናገረው ለእነሱም ነው። ኩንታል ጤፍ ሲራገፍ ፎቶ ይነሣል፣ በሪፖርት ያምራል። አንዲት ሴት ከሌላ ሴት አጠገብ ተቀምጣ አርባ ደቂቃ ስታጎርስ የሚያሳይ ደረሰኝ ግን የለም። ባለፈው በጀት ለምግብ የያዝነው ሁሉ ለግዢ ነበር፤ ለማብላት ምንም አልያዝንም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይህን የሚመለከት ነው። ከወርኃዊው የእህል ድጋፍ ጥቂት ቀንሰን፣ ሥራ ፈላጊ ከሆኑት አባሎቻችን ሁለቱ በምሳና በእራት ሰዓት እየተከፈላቸው እንዲያበሉ። ጤፉ መቀነሱን የማይወዱ አባላት እንዳሉ እናውቃለን፤ በስብሰባው ይናገሩ። እኛም ተመልሶ የሚጣለውን ምግብ ለአንድ ወር መዝነን ቁጥሩን ይዘን እንመጣለን።

በመጦሪያው መዝገብ ላይ ከሞዴል 22 ቀጥሎ በእጃችን ያሰመርነው አንድ አዲስ ዓምድ አለ። «የተበላ» ይላል። ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ ምንም ተብሎ በየስሙ ይሞላል። እኚያ እናት አሁንም ጥግ ያለውን ቦታቸውን አልለቀቁም፣ ሲበሉም ፊታቸው ወደ መስኮቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ከስማቸው ፊት «ሙሉ» የሚለው አራት ጊዜ ተጽፏል።